ጥሬ ብር፣ ካርድ ወይስ ቴሌብር? ከአዲስ አበባ ወደ ፓርክ ስትወጡ ገንዘብና ንብረት በምን ይያዝ

ወደ አዋሽ፣ ወደ ባሌ ወይም ወደ አርባ ምንጭ ለመውጣት የተነሳ ሰው መኪናውን፣ ሎጁንና ስንቁን ቀድሞ ያስባል። የገንዘቡ ጉዳይ ለመጨረሻዋ ማታ ይቀራል። ንጋት 11 ሰዓት ላይ የሚነሳ መኪና ተቀጥሮ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ኤቲኤም ፊት የሚሰለፍ ሰው ብዙ ነው። ማሽኑ ብር ካለው እሰየው። ከሌለው ወደ ለገሃር፣ ከዚያ ወደ ስታዲየም። በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ብር ሲቆጥሩ መታየት ጉዞው ሳይጀመር የሚመጣ አደጋ ነው።

እዚህ የማነጻጽረው ገንዘብ የምንይዝባቸውን መንገዶችና ንብረት የምናስቀምጥባቸውን ቦታዎች ነው። በዋናነት የጻፍኩት ለአገር ውስጥ ጉዞ ነው። ወደ ኬንያና ታንዛኒያ ለሚሻገሩ ወደ ታች አጠር ያለ ክፍል አለ።

በምን እንመዝናቸው?

አምስት ጥያቄዎች ይበቃሉ።

ኔትወርክና መብራት ሲጠፋ ይሠራል ወይ? ቢሰረቅ ወይም ቢጠፋ ይመለሳል ወይ? እዚያ ያለው ሰው፣ ማለትም ስካውቱ (ጎብኚን የሚያጅበው የፓርክ ጠባቂ)፣ የጀልባው ሰው፣ የፈረስ አከራዩ፣ ይቀበለዋል ወይ? የሌባ ዓይን ይስባል ወይ? ስንት ያስወጣል?

ከአምስቱ ውስጥ ሁለቱ ሁልጊዜ ይጣላሉ፤ ምርጫውን የሚያከብደውም ይሄ ነው። ያለ ኔትወርክ የሚሠራው ጥሬ ብር ሲጠፋ አይመለስም። ሲጠፋ የሚመለሰው ካርድና የስልክ ገንዘብ ደግሞ ኔትወርክ ይፈልጋል። ሁለቱንም የሚያሟላ አንድ መንገድ የለም። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «የቱ ይሻላል?» ሳይሆን «ከየት እስከ የት በየትኛው ልሂድ?» የሚለው ነው።

ለዚህ ካርታው ላይ አንድ ቦታ ፈልጉ፤ ባንክ ያለበትን የመጨረሻ ከተማ። ለአዋሽ ፓርክ መተሐራ ወይም አዋሽ ሰባት ነው። ለአቢጃታ ሻላ ባቱ ወይም ሻሸመኔ። ለባሌ ተራሮች ሮቤና ጎባ። ለነጭ ሳር አርባ ምንጭ ራሱ። ለማጎ ጅንካ። ለሰሜን ተራሮች ደባርቅ። እስከዚያ ከተማ ድረስ ገንዘባችሁ በስልክና በባንክ ይሂድ። ከዚያ ወዲያ ለሚያስፈልጋችሁ ብቻ ጥሬ ብር ያዙ። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ጥሬ ብር

ፓርክ ውስጥ ንጉሡ አሁንም ጥሬ ብር ነው። የስካውት አበል፣ የአካባቢ አስጎብኚ፣ ባሌና ሰሜን ላይ የፈረስና የበቅሎ ኪራይ፣ ጫሞ ሐይቅ ላይ ጀልባ፣ ኦሞ ውስጥ መንደር ለመግባትና ፎቶ ለማንሳት የሚጠየቀው ክፍያ፣ መንገድ ዳር ሻይና ሙዝ፤ አብዛኛው የሚዘጋው እጅ በእጅ ነው።

ችግሩ ውፍረቱ ነው። ከመስከረም 2013 ዓ.ም. የኖት ለውጥ ወዲህ ትልቁ የብር ኖት 200 ነው። 20 ሺህ ብር ማለት 100 ቅጠል ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይወፍራል፤ ሱሪ ኪስ ውስጥ ሲገባ ቅርጹ ከውጭ ይለያል። 50 ሺህ ከያዛችሁ 250 ቅጠል ሆነ። ያንን በአንድ ቦታ ሰውነት ላይ መደበቅ አይቻልም። ባለ 100 ከሰጧችሁ ደግሞ እጥፍ ነው።

ቢሆንም ሁሉንም በ200 ማውጣት ሌላ ችግር አለው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በባሌ ፓርክ ዲንሾ በር ላይ ለ200 ብር መልስ የሚኖረው ሰው አታገኙም። ዝርዝር የሌለው ሰው ወይ አብዝቶ ይከፍላል፣ ወይ ቦርሳውን ሰው ፊት ከፍቶ ሲፈላልግ ያለውን ሁሉ ያሳያል። ሁለተኛው ይብሳል። አዲስ አበባ ላይ ሳላችሁ ባንክ መስኮት ላይ ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ጠይቁ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ጠዋት ቢሆን ይሻላል፤ ዓርብ ከሰዓት ወረፋውም ይረዝማል፣ ዝርዝሩም ያልቃል። ስትቀበሉ የተቀደደውን እዚያው መልሱ። ባንክ ይለውጥላችኋል፤ ገጠር ያለ ሻጭ ግን «ተቀዷል» ብሎ ይመልስባችኋል።

አያያዙን በሦስት ክፈሉት። የዕለቱን ዝርዝር ፊት ኪስ ውስጥ። ዋናውን ከልብስ ስር። ሦስተኛውን፣ ማለትም ወደ አዲስ አበባ የሚመልሳችሁን ያህል፣ ከጉዞ ጓደኛ ጋር ወይም ከሻንጣ ሽፋን ስር። ከልብስ ስር የሚታሰረውን ስስ የጨርቅ ቦርሳ በየሱቁ ይሸጡታል። እናቶቻችን ግን ከጥንት ጀምሮ መቀነት አላቸው። የመቀነት እጥፋት ውስጥ ገብቶ የተቋጠረ ብር ሳይሰማ የሚወሰድበት መንገድ የለም። በቀሚስ ለሚጓዙ እህቶች ዛሬም ከገበያው ቦርሳ የሚሻል ይመስለኛል። የትኛውንም ብትይዙ ብሩን መጀመሪያ በትንሽ ፌስታል ጠቅልሉት። አዋሽና ኦሞ ላይ ላቡ፣ ጫሞ ላይ የጀልባው ርጭት ኖቱን ያበሰብሰዋል።

ከዚህ ቦርሳ ገንዘብ ስታወጡ ብቻችሁን ሁኑ። መጸዳጃ ቤት ወይም መኝታ ክፍል ውስጥ። ሰው ፊት አንዴ ከከፈታችሁት የተደበቀ ቦርሳ መሆኑ አበቃ።

የባንክ ካርድ

ካርድ እስከ መጨረሻው ከተማ ድረስ ጥሩ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ፕላስቲክ ነው። የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ ማሽን መሥራቱ ትልቅ እፎይታ ነው። ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ይቆረጣል፤ የሚያስቆጭ አይደለም።

የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። ትንሽ ከተማ ውስጥ ማሽን አለ ማለት ብር አለ ማለት አይደለም። ቅዳሜ የገበያ ቀን ከሆነ በተለይ። «ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ካርዱን ማሽኑ ቢውጠው ቅርንጫፉ እስኪከፈት ሰኞን መጠበቅ ነው፤ እናንተ ግን እሑድ ባሌ፣ ሳኔቲ አምባ ላይ ናችሁ። ስለዚህ ከተቻለ ቅርንጫፉ ክፍት በሆነበት ሰዓት፣ ከቅርንጫፉ በር ላይ ባለው ማሽን አውጡ። ብር ሳይወጣ ሒሳብ ላይ ከተቆረጠ ወረቀቱን ያዙና ወዲያው አመልክቱ።

ከቀን ጣሪያው በላይ አይወጣም፤ ጣሪያው ከባንክ ባንክና ከካርድ ካርድ ይለያያል። የራሳችሁን ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። መንገድ ላይ ከሆነ የሚታወቀው፣ ለስድስት ሰው ሎጅ ልትከፍሉ ስትሉ ነው።

ከውጭ የመጣ ዘመድ ካለ የቪዛና የማስተርካርድ ካርዱ አዲስ አበባ ውስጥ በብዙ ማሽኖች ይሠራል። ለባንኩ «ኢትዮጵያ ነኝ» ብሎ አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት፤ አለዚያ ባንኩ ተጠራጥሮ ይዘጋዋል። ዶላሩን ወይም ዩሮውን በባንክ ወይም ፈቃድ ባለው የምንዛሪ ቢሮ ይመንዝር፤ ደረሰኙንም ይያዝ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን ከባንክ ባንክ ልዩነት አለ፤ ሁለት ሦስት ቦታ መጠየቅ ያዋጣል። «ወንድሜ፣ ዶላር አለ?» ብሎ መንገድ ላይ ከሚጠጋ ሰው ጋር መመንዘር ሕገ ወጥ ነው። የገንዘቡን ልክ ለማያውቁት ሰው ማሳየትም ነው። ዘመዳችሁን ከዚህ ጠብቁት። የጎደለ ብርና የሐሰት ኖት የሚመጣው እንደዚህ ካለው ጥድፊያ ነው፤ አቤት የሚባልበትም ቦታ የለም።

ቴሌብር፣ ኤም-ፔሳና የባንክ መተግበሪያዎች

ቴሌብር ግንቦት 2013 ከተጀመረ ወዲህ የጉዞ ነገር ብዙ ተቀይሯል። ኤም-ፔሳ ነሐሴ 2015 ተከተለ። ሚያዝያ 2015 አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ከተደረገ በኋላ ደግሞ መኪና ይዞ ለሚወጣ ሰው የግድ ሆነ። ኮንትራት መኪና ከያዛችሁ ነዳጁን ማን፣ በማን ስልክ እንደሚከፍል ከሹፌሩ ጋር ሳትነሱ ተነጋገሩ። የሹፌሩ ስልክ ላይ ገንዘብ ከሌለ መንገድ ዳር ማደያ ላይ ክርክር ይነሳል።

ከአምስቱ መለኪያዎች በአራቱ ጥሩ ነው። ኪስ አያሳብጥም። ስልኩ ቢሰረቅ ገንዘቡ ከፒኑ ጀርባ ነው። ትላልቅ ሎጆችና የከተማ ሆቴሎች ይቀበላሉ። ወጪውም ቀላል ነው። የሚወድቀው አንደኛው ላይ ነው፤ ኔትወርክ።

ኢንተርኔት ሲጠፋ ሁሉም አልጠፋም። መተግበሪያው ባይከፈትም ተራ የስልክ ምልክት ካለ *127# ብሎ ቴሌብርን፣ *889# ብሎ የንግድ ባንክን የሞባይል ባንኪንግ መጠቀም ይቻላል። ይህንን አዲስ አበባ ላይ አንዴ ሞክሩትና ውጡ። የረሳችሁትን ፒን በረሃ ላይ ለማስታወስ መታገል አያስፈልግም።

ሌላው ነገር የሻጩ ልብ ነው። ጫሞ ዳር ላይ አስቡት። እናንተ ልካችኋል፤ ስልካችሁም «ተሳክቷል» ብሏል። የጀልባው ሰው ግን መልእክቱ አልገባለትም። ስልኩን ከፍ አድርጎ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ገመዱንም አይፈታም። አልተሳሳተም። የተቀናበረ የክፍያ ማረጋገጫ ፎቶ እያሳዩ የሚሄዱ አጭበርባሪዎች በየቦታው አሉ፤ እሱም ሰምቷል። አዞዎቹ ፀሐይ የሚሞቁበት ሰዓት ሲያልፍ እናንተ ዳር ላይ ናችሁ። ለእንደዚህ ያለ ክፍያ ጥሬ ብር መያዝ ለእሱም ክብር ነው፣ ለእናንተም ጊዜ ነው።

ባትሪን አትርሱ። ሳኔቲ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ሌሊቱ በረዶ ይጋግራል። በብርድ የስልክ ባትሪ ቶሎ ይወርዳል፤ ማታ 40 በመቶ የነበረ ስልክ ጠዋት ጠፍቶ ሊገኝ ይችላል። ድንኳን ውስጥ ስታድሩ ስልኩንም ፓወር ባንኩንም ከእናንተ ጋር ብርድ ልብስ ውስጥ አስገቡ። አዋሽ ላይ ተቃራኒው ነው፤ በቆመ መኪና መስታወት ስር የተተወ ስልክ ይግላል፣ ራሱን ያጠፋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አጥብቄ ልናገር። ማንም «ከባንክ ነው የምንደውለው» ብሎ የተላከላችሁን ኮድ ቢጠይቅ ዝጉበት። መንገድ ላይ፣ ደክሟችሁ፣ ኔትወርኩ እየቆራረጠ ሲደወል መታለል ይቀላል።

አስቀድሞ ለአስጎብኚ ድርጅት መክፈል

ብዙ የአዲስ አበባ ወጣት የሚወጣው እንደዚህ ነው። የቡድን ትሪፕ ይወጣል፣ ዋጋው ይነገራል፣ በባንክ ይገባል። ለጥሬ ብር ችግር ከዚህ የተሻለ መፍትሔ የለም። መኪናው፣ መግቢያው፣ ስካውቱ፣ ምግቡ ሁሉ ከተከፈለ ኪሳችሁ ውስጥ የሻይና የጉርሻ ብቻ ይቀራል።

አደጋው ወደ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ወደ አደራጁ። ስለዚህ ክፍያው በድርጅቱ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ይግባ። የንግድ ፈቃዱን በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ በንግድ ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ ማየት ይቻላል፤ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው። ምን ምን እንደተካተተ በጽሑፍ ያዙ። «ሁሉ ነገር ተካቷል» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። የስካውት፣ የመኪና መግቢያና የጀልባ ክፍያ በስም ተጠርቶ ይጻፍ። ጉዞው ቢሰረዝ ስንት እንደሚመለስም አብሮ ይጻፍ።

በቡድን ከወጣችሁ አንድ ገንዘብ ያዥ

ጓደኛሞች ራሳቸው አዋጥተው ሲወጡ አንድ ሰው ላይ ሁሉን መጫን ልማድ ነው። ለሒሳብ ጥሩ ነው፤ ለደኅንነት አይደለም። ገንዘብ ያዡ የስልኩን ገንዘብ ይያዝ፤ ጥሬውን ግን ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይካፈለው። ወጪው በየማታው በቡድኑ የቴሌግራም ገጽ ላይ ይጻፍ። ጓደኝነትን የሚያበላሸው ከሌባው ይልቅ ያልተጻፈ ሒሳብ ነው።

በአጭሩ ሲነጻጸሩ

| መንገድ | ኔትወርክ ሲጠፋ | ቢሰረቅ | ፓርክ ውስጥ ተቀባይነት | ዓይን ይስባል? | የሚመረጥበት |
|---|---|---|---|---|---|
| ጥሬ ብር | ይሠራል | አይመለስም | ሁሉም ይቀበላል | ከወፈረ አዎ | ከመጨረሻው ከተማ ወዲያ |
| የባንክ ካርድ | አይሠራም | ይዘጋል፣ ገንዘቡ ይተርፋል | የለም ማለት ይቻላል | አይስብም | በየከተማው ብር ለማውጣት |
| ቴሌብር፣ ኤም-ፔሳ | ምልክት ካለ በአጭር ቁጥር | ይዘጋል፣ ገንዘቡ ይተርፋል | ሎጅ ላይ አዎ፣ መንደር ላይ ያጠራጥራል | ስልኩ ይስባል | ለነዳጅ፣ ለሆቴል |
| የባንክ መተግበሪያ | ኢንተርኔት ይፈልጋል | ይዘጋል፣ ገንዘቡ ይተርፋል | ለትልቅ ክፍያ ብቻ | ስልኩ ይስባል | ለሎጅና ለመኪና ኪራይ |
| ቅድሚያ ክፍያ | አያስፈልገውም | ኪስ ውስጥ የለም | በአስጎብኚው በኩል | አይስብም | ለቡድን ጉዞ፣ አደራጁ ከታመነ |

ንብረትስ የት ይቀመጥ?

ገንዘቡን ጨረስን፤ ካሜራ፣ ፓስፖርት፣ ላፕቶፕና ወርቅ ቀሩ። እዚህም ያው ጥያቄ ነው፤ ቢጠፋ ይመለሳል ወይ?

ወርቅ አይመለስም፤ ስለዚህ ወርቅ ቤት ይቅር። የቃል ኪዳን ቀለበት ያውልቁ ማለቴ አይደለም። የአንገቱንና የእጁን ግን ለፎቶ ብሎ ሳፋሪ ላይ መያዝ ጭንቀት መሸከም ነው።

የሎጅ ክፍል ካዝና ካለ ለፓስፖርትና ለመጠባበቂያ ገንዘብ ጥሩ ነው። ከመጠቀማችሁ በፊት ግድግዳው ላይ ወይም ቁም ሳጥኑ ላይ መታሰሩን ነቅንቃችሁ እዩ። ያልታሰረ ካዝና ለሌባው የተዘጋጀ ሻንጣ ነው። ቁጥሩን ራሳችሁ አስገቡ፤ የልደት ዓመት አይሁን።

ካዝና ከሌለ የእንግዳ መቀበያው ይቀራል። እዚህ ላይ ሕጌ አንድ ነው፤ በፖስታ ታሽጎ፣ አፉ ላይ ተፈርሞ፣ በደረሰኝ ይሰጥ። «እኔ ጋ ይቀመጥ፣ ምንም አይሆንም» የሚለው መልካም ሰው ማታ ተረኛ ላይሆን ይችላል። ደረሰኝ መጠየቅ ሰውየውን ሌባ ማለት አይደለም፤ እሱንም ከሐሜት ያድነዋል።

መኪና ውስጥ መተው ብዙ ሰው የሚመርጠው ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም መጨረሻ አደርገዋለሁ። ሹፌሩ መኪናው ውስጥ ከቀረ ጥሩ። ካልቀረ ዕቃው ከመነሻው ጀምሮ ኋላ ተዘግቶበት ይሁን። ምሳ ቤት ፊት አቁሞ፣ ሰው እያየ ካሜራውን ከወንበር ወደ ኋላ ማዛወር የት እንዳለ መንገር ነው።

ድንኳን በር የለውም። ዚፑ ላይ ትንሽ ቁልፍ ማንጠልጠል ቢላ ላለው ሰው ምንም አይደለም፤ እንዲያውም «ውስጥ የሚሰረቅ አለ» ይላል። ስትወጡ የሚያሳሳ ነገር ውስጡ አይኑር።

ሌላም ሌባ አለ፤ ባለ አራት እግር። አዋሽ ፏፏቴ አካባቢ ያሉት ጦጣዎችና ዝንጀሮዎች፣ አርባ ምንጭ ላይ የእግዜር ድልድይን ቁልቁል በሚያሳዩት ሎጆች ሰገነት ላይ የሚመጡት፣ ሐዋሳ አሞራ ገደል ያሉት፣ ሰውን ለምደዋል። የሚፈልጉት ምግብ ነው፤ የሚወስዱት ግን ምግቡ ያለበትን ቦርሳ ነው። ቦርሳው ዛፍ ላይ ከወጣ በኋላ ሙዙ ይበላል፣ ፓስፖርቱ ይበተናል፣ ስልኩ ከላይ ይወድቃል። ምግብና ሰነድ በአንድ ቦርሳ አይሁኑ። ጠረጴዛ ላይ የተተወ ቦርሳ ዚፑ ቢዘጋም ብዙ አይጠቅምም፤ ማንጠልጠያውን የወንበሩ እግር ላይ ወይም የራሳችሁ እግር ላይ አስገቡት።

ሰነድን በተመለከተ፣ ለአገር ውስጥ ጉዞ የፋይዳ ወይም የቀበሌ መታወቂያ ይበቃል። የፓርክ መግቢያ ዋጋ ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ ስለሚለያይ መታወቂያ ያስፈልጋል። ፓስፖርታችሁን ቤት ተዉት። የውጭ ዜጋ እንግዳ ከሆነ ግን ዋናውን ይዞ ይጓዝ፤ ኮፒው በሌላ ቦርሳ ይሁን። የሰነዶቹን ፎቶ አዲስ አበባ ለቀረ የቤተሰብ አባል ላኩ። ስልካችሁ ውስጥ ብቻ ያለ ፎቶ ከስልኩ ጋር ይሄዳል።

ለማን የትኛው?

*ለአንድ ቀን አዋሽ ወይም አቢጃታ ሻላ ደርሶ መልስ።* ቀላሉ ይሄ ነው። ነዳጅና ምሳ በስልክ፣ መግቢያና ስካውት በጥሬ ብር። ከልብስ ስር የሚታሰር ቦርሳ እንኳ የግድ አይደለም፤ በዚፕ የሚዘጋ የፊት ኪስ ይበቃል።

*በሕዝብ አውቶቡስ ወደ ባሌ የሚሄድ፣ በጀቱ ጠባብ የሆነ ወጣት።* ከሁሉም በላይ የምትጠነቀቁት ፓርኩ ውስጥ ሳይሆን መናኸሪያው ላይ ነው። ግፊያው፣ ጨለማው፣ ሻንጣ ተሸካሚው፤ ኪስ አውላቂ የሚሠራው እዚያ ነው። አንዱ «ልብስህ ላይ ቆሻሻ አለ» ብሎ ሲያሳይ ሌላው ኪስ ውስጥ ነው። ልብሱ ይቆሽሽ፤ እጃችሁ ኪሳችሁ ላይ ይቆይ። የአውቶቡሱን ዋጋ ብቻ ፊት ኪስ ያዙ። የቀረው ሮቤ ስትደርሱ፣ ቀን ላይ፣ ከባንክ ይወጣል። ለፈረሱና ለአስጎብኚው የሚሆነው ጥሬ ብር ወደ ዲንሾ ከመሄዳችሁ በፊት ይዘርዘር።

*ቤተሰብ ይዞ ወደ አርባ ምንጭና ጅንካ።* ሎጁን ከአዲስ አበባ በባንክ ክፈሉ፤ ዋጋውንም በዚያው ሳምንት ደውላችሁ አረጋግጡ። የዋጋው ነገር ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር አምና የተጻፈ ዝርዝር ያሳስታል። ጥሬ ብሩን ባልና ሚስት ይካፈሉት። ከጅንካ ወደ ማጎ ወይም ወደ ቱርሚ ስትወጡ የሁለት ቀን ወጪ ከነመጠባበቂያው በዝርዝር ይዛችሁ ውጡ፤ ከዚያ ወዲያ በማሽን አትተማመኑ። ለፎቶ የሚከፈለውን በየሰው ለብቻ ከመበተን፣ በአስጎብኚው በኩል ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል። ብር እያወጡ መቆምም፣ መሻማትም አይኖርም።

*ከውጭ የመጣ ዘመድ ይዞ ለሚወጣ።* በጀቱ ከፈቀደ ቅድሚያ ክፍያውን ምረጡ። ዘመዳችሁ እጅ ላይ የሚቆየው ጥቂት ብርና አንድ ካርድ ብቻ ይሁን፤ ሁለተኛው ካርድ አዲስ አበባ፣ ቤት ውስጥ ይቅር። ዶላር ይዞ ፓርክ መግባት ምንም አይፈይድም።

*ወደ ማሳይ ማራ ወይም ሴሬንጌቲ ለሚሻገር።* እዚያ ብራችሁ አይሠራም፤ የመመለሻ ታክሲ ብቻ አስቀሩ። የውጭ ምንዛሪውን በሕጋዊ መንገድ ከባንክ ጠይቁ፤ በውጭ ምንዛሪ የሚሞላ የጉዞ ካርድ የሚሰጡ ባንኮችም አሉ። ዶላር ከያዛችሁ አዲስና ንጹሕ ይሁን፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 በፊት የታተመውን ብዙ ቦታ አይቀበሉም። የማራ መግቢያ ለውጭ አገር ጎብኚ በቀን ከጥር እስከ ሰኔ 100 ዶላር፣ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ 200 ዶላር ነው፤ ወሮቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት የሚያስተዳድራቸው ፓርኮች በር ላይ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፤ ክፍያው በመንግሥቱ የኢንተርኔት መድረክ ነው። ታንዛኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ የአገር ውስጥ ግብይት በሽልንግ እንዲሆን ደንግጋለች። የአዲስ አበባው ኤም-ፔሳችሁ ናይሮቢ ላይ ካለው ጋር ስሙ አንድ ቢሆንም ሒሳቡ ሌላ ነው፤ እዚያ የሚያገለግለውን የምታገኙት በፓስፖርት የአገሩን ሲም አውጥታችሁ ነው።

ቢጠፋስ?

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና እነዚህን ቁጥሮች ዛሬ ወረቀት ላይ ጻፉ። ስልኩ ላይ ብቻ ከተቀመጡ ከስልኩ ጋር ይጠፋሉ። ሲም ለማዘጋት 994። ለቴሌብር 127። ለንግድ ባንክ 951። የሌላ ባንክ ደንበኛ ከሆናችሁ የራሳችሁን ከካርዱ ጀርባ ገልብጡ።

ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። በጓደኛ ስልክ መጀመሪያ ሲሙን አዘጉ፤ በሲሙ በኩል ወደ ሁሉም ነገር ስለሚገባ። ቀጥሎ የስልክ ገንዘቡን፣ ቀጥሎ ባንኩን። ከዚያ በአቅራቢያ ባለው ፖሊስ ጣቢያ አመልክቱና ማስረጃ ተቀበሉ። ለምትክ ሲም፣ ለምትክ መታወቂያና ለኢንሹራንስ ይጠቅማል። ምትክ ሲም ለማውጣት መታወቂያ ስለሚጠየቅ መታወቂያውን ከስልኩ ጋር በአንድ ኪስ አትያዙ። የስልክ ቦርሳ ውስጥ፣ ከስልኩ ጀርባ፣ መታወቂያና ካርድ የሚሸጉጥ ሰው ብዙ ነው፤ ዛሬውኑ አውጡት።

በጉልበት የሚቀማ ሰው ከገጠማችሁ ስጡት። ፊት ኪስ ውስጥ ያለው የዕለት ብር ለዚህም ነው። ከልብስ ስር ያለውን አታስታውሱት፤ አትከራከሩም፣ አትሮጡም። ከሁሉም በፊት ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ማደሪያችሁ ግቡ፤ የመንገዱን ሁኔታ በነጋታው ከመነሳታችሁ በፊት ከሎጁና ከሹፌሮች ጠይቁ።